አሲድ ያለበትን ኮፖሊመር በጎንደር ላቦራቶሪ ማዘጋጀት፦ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ሜቲል ሜታክሪሌትንና ሜታክሪሊክ አሲድን በአንድ ሰንሰለት አጣምረው ካርቦክሲሊክ አሲድ ያለበት ፕላስቲክ መሥራት ለሚፈልጉ የኬሚስትሪና የፋርማሲ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ሥራውን ለሚቆጣጠሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኙት አሠራሮች አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ጠለል አካባቢ፣ ክረምት ከበጋ እኩል በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው የተጻፉ ናቸው። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 590 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ያለ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶቿም ይቀዘቅዛሉ። የመጀመሪያው አሟሚው የሚፈላበትን ሙቀት ይለውጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ አሲዱ በጠርሙሱ ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋል። ሁለቱም ሳይታሰቡ የተጀመረ ሥራ ወይ ይከሽፋል፣ ወይ ሠሪውን ይጎዳል።

አሲዱ በሰንሰለቱ ውስጥ ለምን እንደሚፈለግ አስቀድሞ መረዳት የመጠን ምርጫን ቀላል ያደርጋል። የአሲዱ ቡድን ውኃ ይስባል፣ ከብረት ጋር ይያያዛል፣ በአልካሊ ሲነካ ደግሞ ወደ ጨው ይለወጣል። ኤቲሊንና አክሪሊክ አሲድ የተጣመሩበት ፕላስቲክ በጭማቂ ካርቶን ውስጥ ፖሊኤቲሊኑን ከአሉሚኒየሙ ገጽ ጋር አጣብቆ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰርሊን በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው ፕላስቲክም የኤቲሊንና የሜታክሪሊክ አሲድ ኮፖሊመር ሲሆን፣ የአሲዱ ከፊል በሶዲየም ወይም በዚንክ ወደ ጨው ተለውጧል። ለፋርማሲ ሰዎች ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በጨጓራ ውስጥ ሳይሟሟ አልፎ በአንጀት ውስጥ የሚሟሟው የእንክብል ሽፋን ነው። ዩድራጊት ኤል 100 የተባለው ሽፋን ሜታክሪሊክ አሲድንና ሜቲል ሜታክሪሌትን እኩል ለእኩል ይዞ ፒኤች ከ6 ሲያልፍ ይሟሟል፤ ኤስ 100 የተባለው ደግሞ አንድ አሲድ ለሁለት ኤስተር (ሜቲል ሜታክሪሌት) ይዞ ፒኤች ከ7 በላይ ይጠይቃል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ተቋም በመሆኑ፣ ይህ ርዕሰ ጉዳይ ኬሚስትሪውንና የጤናውን ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኛል የሚል እምነት አለኝ።

መንገዱን መምረጥ

አሲድን በፕላስቲክ ሰንሰለት ውስጥ ለማስገባት ከአንድ በላይ መንገድ አለ። ኤቲሊንን ከአክሪሊክ ወይም ከሜታክሪሊክ አሲድ ጋር ማጣመር ከ1,000 አትሞስፌር የሚበልጥ ግፊት ስለሚጠይቅ የፋብሪካ ሥራ እንጂ የትምህርት ላቦራቶሪ ሥራ አይደለም። ስታይሪንን ከማሌይክ አንሃይድራይድ ጋር ማጣመር ቀላል ነው፤ ሁለቱ ሞኖመሮች (የሰንሰለቱ መነሻ ሞለኪውሎች) አንዱ ለሌላው ተራ እየሰጡ በሰንሰለቱ ላይ ይደረደራሉ፤ ከዚያ በኋላ አንሃይድራይዱ በውኃና በአልካሊ ሲከፈት ሁለት ሁለት የአሲድ ቡድን ይወጣል። ነገር ግን በዚህ መንገድ የአሲዱን መጠን እንደ ፈቃድ መቀነስና መጨመር አይቻልም፤ ከሞላ ጎደል ግማሽ በግማሽ ሆኖ ይቀራል። የተርቲያሪ ቡቲል ኤስተር ያለበትን ኮፖሊመር ሠርቶ በኋላ በትራይፍሉዎሮአሴቲክ አሲድ ኤስተሩን መቁረጥ ደግሞ ነጻ አሲድን ፈጽሞ ለማይታገሡ የፖሊመር አሠራሮች የተጠበቀ መፍትሔ ነው፤ ወጪው ከፍ ያለ ስለሆነ ለመጀመሪያ ልምምድ አልመክረውም።

ስለዚህ ሁለቱን ሞኖመሮች በነጻ ራዲካል በቀጥታ ማጣመርን መርጫለሁ። አሟሚው ኤቲል አሲቴት፣ ማስጀመሪያው አዞቢስአይሶቡቲሮናይትራይል ነው፤ ከዚህ በታች በአጭሩ ኤአይቢኤን እየተባለ ይጠራል። የአሲዱ ድርሻ ከመቶ 10 ሞል ነው።

ከሁሉ በፊት፦ የአሲዱ ጠርሙስ

ሜታክሪሊክ አሲድ በ16 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይረጋል። አክሪሊክ አሲድም ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይረጋል። በጎንደር የታኅሣሥ ሌሊት ማሞቂያ በሌለው መጋዘን ውስጥ ያደረ ጠርሙስ ጠዋት ላይ ግማሹ ነጭ ድንጋይ፣ ግማሹ ፈሳሽ ሆኖ ቢገኝ የሚጠበቅ ነው። ይህን መልክ ያየ ተማሪ መጀመሪያ የሚያስበው ፈሳሹን ቀድቶ መጠቀም ወይም ጠርሙሱን በማሞቂያ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ፋብሪካው በአሲዱ ውስጥ ሞኖመሩ በራሱ ጊዜ እንዳይያያዝ የሚከለክል ማገጃ ይጨምራል፤ የተለመደው የሃይድሮኪኖን ሞኖሜቲል ኢተር ሲሆን መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ክፍል በሚሊዮን ነው። አሲዱ ሲረጋ ክሪስታሉ ንጹሕ ሆኖ ስለሚወጣ ማገጃው ወደ ቀረው ፈሳሽ ይሸሻል። ፈሳሹን ብቻ የቀዳ ሰው ማገጃ የበዛበትን ክፍል ወስዶ ምንም መከላከያ የሌለውን ክፍል በጠርሙሱ ውስጥ ይተዋል፤ ያ የተተወው ክፍል ቀልጦ ሲሞቅ በራሱ ሊነሣና ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል። በማሞቂያ የሚያቀልጥ ሰው ደግሞ ይህንኑ አደጋ በራሱ እጅ ያፋጥናል። አንድ ታኅሣሥ ጠዋት አንድ ሌትር የረጋ አሲድ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሳገኘው ክፍሉን አስለቅቄ ከሩቅ ሆኜ መጠበቅ ግድ ሆኖብኛል። ምንም ባይፈጠርም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአሲዱ ጠርሙስ ላይ «አይሞቅ፣ አይቀዳ» የሚል ጽሑፍ ሳልለጥፍ ለማንም አልሰጥም።

ትክክለኛው አቀላለጥ ጠርሙሱን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ፣ በየጥቂት ደቂቃው በቀስታ እያሽከረከሩ፣ የመጨረሻው ክሪስታል እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። ከቀለጠ በኋላም ማገጃው በእኩል እንዲሰራጭ ጠርሙሱን ደጋግሞ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ማገጃው የሚሠራው በአሲዱ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ሲኖር ብቻ ስለሆነ በጠርሙሱ ባዶ ክፍል ውስጥ ናይትሮጅን መሙላት አይገባም፤ አየር ሊኖርበት ይገባል። አሲዱ ከ18 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ስፍራ፣ ከፀሐይ ብርሃን ተከልሎ ይቀመጥ። ወደ ፍሪጅ አይግባ። ፍሪጅ የሚያስፈልገው ኤአይቢኤን ነው፤ እርሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ይቀመጣል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሜቲል ሜታክሪሌት 18.0 ግራም፣ ሜታክሪሊክ አሲድ 1.72 ግራም፣ ኤአይቢኤን 0.164 ግራም እና ኤቲል አሲቴት 60 ሚሊሊትር ይዘጋጅ። የሞለኪውል ክብደታቸው በቅደም ተከተል 100.12፣ 86.09 እና 164.2 ስለሆነ፣ ኤስተሩ 0.180 ሞል፣ አሲዱ 0.020 ሞል፣ ማስጀመሪያው ደግሞ ከጠቅላላው ሞኖመር ከመቶ ግማሽ ማለትም 0.001 ሞል ይሆናል። ፖሊመሩን ከፈሳሹ ለማዝቀጥ 1.2 ሊትር ሄፕቴን ወይም ፔትሮሊየም ኢተር ያስፈልጋል። ሄክሴን በርካሽ ቢገኝም ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ነርቭን ስለሚጎዳ ሄፕቴኑን አስቀድማለሁ። ከዕቃ በኩል 250 ሚሊሊትር የሚይዝ ባለ ሦስት አፍ ክብ ፍላስክ፣ ኮንደንሰር፣ ቴርሞሜትር፣ ማግኔቲክ ስተረር ያለው ማሞቂያ፣ ፍላስኩ ተነክሮ የሚሞቅበት የውኃ ወይም የዘይት መታጠቢያ፣ ናይትሮጅን ከነመቆጣጠሪያው፣ ትንሽ የመስታወት ኮለምና ቤዚክ አሉሚና ያስፈልጋሉ።

ሥራው ሁሉ በፊዩም ሁድ (ትነትን ወደ ውጭ በሚስብ ሣጥን) ውስጥ ይሁን። አሲዱ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል፤ ሜቲል ሜታክሪሌት ደግሞ ስስ ጓንትን በደቂቃዎች ውስጥ አልፎ ወደ ቆዳ ስለሚደርስ የረጠበ ጓንት ወዲያው ይለወጥ። የቧንቧ ውኃ በሚቋረጥበት ቀን ይህን ሥራ መጀመር ካስፈለገ፣ ለዓይንና ለቆዳ መታጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውኃ የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን ከሁዱ አጠገብ ሳይቀመጥ የአሲዱ ጠርሙስ አይከፈት፤ አሲድ የነካው ሰው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጥ መታጠብ አለበትና።

አሠራሩ

1. ሜቲል ሜታክሪሌቱን ከማገጃው አጥሩ። 10 ግራም ያህል ቤዚክ አሉሚና በኮለሙ ውስጥ አድርጋችሁ 25 ሚሊሊትር ሞኖመር በላዩ አሳልፉና 18.0 ግራሙን መዝኑ። ሜታክሪሊክ አሲዱን በዚሁ ኮለም ለማሳለፍ አትሞክሩ፤ አሉሚናው ቤዝ ስለሆነ አሲዱን ራሱን ይዞ ያስቀረዋል። አሲዱን አንጥሮ ማጥራት ይቻላል፤ ግን እዚህ አያስፈልግም። በ1.72 ግራም አሲድ ውስጥ ያለው ማገጃ ግማሽ ሚሊግራም እንኳ የማይሞላ ሲሆን ማስጀመሪያው 164 ሚሊግራም ነው፤ ኦክስጅኑ ሲወጣ ደግሞ የማገጃው ኃይል የበለጠ ይዳከማል። ለዚህ ሲሉ ሜታክሪሊክ አሲድን ያለ ማገጃ ማሞቅ ከጥቅሙ ይልቅ አደጋው ያመዝናል።

2. ቴርሞሜትሩን ፈትሹ። በጎንደር የሚፈላ ንጹሕ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይሆን 93 ዲግሪ አካባቢ ያሳያል፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት።

3. ሁለቱን ሞኖመሮችና 55 ሚሊሊትር ኤቲል አሲቴት በፍላስኩ ውስጥ ጨምሩ። የቀረውን 5 ሚሊሊትር ኤአይቢኤኑን ለማሟሟት በትንሽ ጠርሙስ ለይታችሁ አስቀምጡ። ኮንደንሰሩን ግጠሙና ማቀዝቀዣ ውኃውን ክፈቱ። የቧንቧው ውኃ የማያስተማምን ከሆነ በባልዲ ውስጥ ያለን ውኃ በትንሽ ፓምፕ ማዞር ይበቃል፤ ከአንገረብ ግድብ የሚመጣውን የከተማውን ውኃ ቀኑን ሙሉ በከንቱ ከማፍሰስም ያድናል።

4. ፈሳሹ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ናይትሮጅን በውስጡ ለ30 ደቂቃ አሳልፉ። በዚህ ጊዜ ኦክስጅን ካልወጣ በኋላ የሚደረግ ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ኦክስጅን ራዲካሎቹን እየያዘ ሰንሰለቱ እንዳያድግ ያደርጋል። ከ30 ደቂቃ በኋላ የናይትሮጅኑን ቱቦ ከፈሳሹ በላይ አንሡና በሰከንድ አንድ አረፋ ያህል እንዲፈስ ተዉት፤ ፈሳሹ ውስጥ ቢቀር አሟሚውንና ኤስተሩን እያተነነ ይወስዳል።

5. መታጠቢያውን አሙቁና በፍላስኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ 65 ዲግሪ ላይ እንዲረጋጋ አድርጉ። ለዚህ መታጠቢያው ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ከፍ ማለት ሊኖርበት ይችላል። ሙቀቱ ከተረጋጋ በኋላ ኤአይቢኤኑን በ5 ሚሊሊትሩ ኤቲል አሲቴት አሟሟታችሁ፣ ለ5 ደቂቃ ናይትሮጅን አሳልፋችሁበት፣ በመርፌ ወደ ፍላስኩ ጨምሩ። ሰዓቱን መዝግቡ።

የውጭ አሠራሮች «በአሟሚው መፍላት ሙቀት ለ6 ሰዓት» ብለው የሚጽፉት እዚህ ላይ ነው። ኤቲል አሲቴት በባሕር ጠለል በ77 ዲግሪ ይፈላል፤ በጎንደር ግን 69 ወይም 70 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፤ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመር ከዚያ አያልፍም። ኤአይቢኤን በ70 ዲግሪ የሚበታተንበት ፍጥነት በ77 ዲግሪ ካለው ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ ያንኑ 6 ሰዓት የቆጠረ ሰው ከሚጠበቀው ያነሰ ምርት አግኝቶ ጥፋቱን በሞኖመሩ ላይ ያሳብባል። መፍላትን መለኪያ ከማድረግ ይልቅ ከመፍላት በታች ያለ የተወሰነ ሙቀት መያዝ ይሻላል። በ65 ዲግሪ የኤአይቢኤን ግማሹ በ10 ሰዓት ውስጥ ይበታተናል፤ በዚህ ስሌት በ8 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 43 ያህሉ ሥራውን ይሠራል። ለዚህ ሥራ ይህ ይበቃል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስጀመሪያውን የጨመረ ሰው ቀን 11 ሰዓት ላይ ይጨርሳል። አሠራሩ ኤታኖልን የሚጠቀም ከሆነም ያው ነው፤ በ78 ዲግሪ ፋንታ በ72 አካባቢ ይፈላል። ቶሉይንም ከ111 ወደ 102 ገደማ ይወርዳል።

6. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ከፍላስኩ አትራቁ። የ0.2 ሞል ሜታክሪሌት መያያዝ 11 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። ይህ ሙቀት በአንድ ጊዜ ቢወጣና መውጫ ቢያጣ የፍላስኩን ይዘት በ80 ዲግሪ ገደማ ከፍ ሊያደርገው ይችል ነበር፤ አሟሚውና ረጅሙ ጊዜ ናቸው የሚያበርዱት። በዚህ ምክንያት አሟሚን መቀነስ፣ ማስጀመሪያን መጨመር ወይም መጠኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ በአሥር ማባዛት የተከለከለ ነው። የውስጡ ሙቀት ከመታጠቢያው አልፎ ማሻቀብ ከጀመረ መታጠቢያውን ዝቅ አድርጋችሁ አውጡና ፍላስኩን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት።

መብራት ሲጠፋ ፍላስኩን ወዲያው አትክፈቱ። መታጠቢያውን ዝቅ አድርጉ፣ ናይትሮጅኑ እንዲቀጥል ተዉ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ሙቀቱ ሲወርድ ሥራው ከመዘግየት በቀር አይበላሽም፤ ኤአይቢኤኑ ሳይነካ ይቆያል። መብራቱ ሲመለስ ወደ 65 ዲግሪ አምጡና የቆመውን ጊዜ ብቻ ጨምሩበት። አየር ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን ሳይሞቅ ለ15 ደቂቃ እንደገና ናይትሮጅን አሳልፉ።

7. ጊዜው ሲሞላ አቀዝቅዙና አየር አስገቡ። ፈሳሹ እንደ ቀጭን ማር ሆኖ ይገኛል። በጣም ከወፈረ ጥቂት ኤቲል አሲቴት ጨምሩበት።

8. 600 ሚሊሊትር ሄፕቴን በትልቅ ቢከር ውስጥ በኃይል እያማሰላችሁ የፖሊመሩን ፈሳሽ በቀጭኑ አፍስሱ። ነጭ ዝቃጭ ይወጣል። በአንድ ጊዜ የገለበጠ ሰው ነጭ ዱቄት ሳይሆን የሚያጣብቅ እብጥ ያገኛል፤ በውስጡም ሞኖመር ታጉሮ ይቀራል። ዝቃጩን አጣሩ፣ በ60 ሚሊሊትር ኤቲል አሲቴት እንደገና አሟሙ፣ በቀረው 600 ሚሊሊትር ሄፕቴን ድገሙት። ይህ ድግግሞሽ ጊዜ የሚያባክን ቢመስልም መዝለል አይገባም፤ ምክንያቱ የአሲዱ መጠን በአልካሊ በሚለካበት በቲትሬሽኑ ላይ ይታያል።

9. በ60 ዲግሪ በቫኪዩም ኦቨን ውስጥ ለ24 ሰዓት አድርቁ። ቫኪዩም ከሌለ በሁድ ውስጥ ለሁለት ቀን ዘርግታችሁ ከዚያ በ50 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ጠብቁ። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ወደ 200 ዲግሪ መውሰድ አይገባም፤ ጎን ለጎን ያሉ አሲዶች ውኃ ጥለው ወደ አንሃይድራይድ ይለወጣሉ።

አሲዱ መግባቱን ማረጋገጥ

ከ0.500 ግራም ያላነሰ ደረቅ ፖሊመር በትክክል መዝናችሁ በ40 ሚሊሊትር አሴቶንና በ10 ሚሊሊትር ኤታኖል አሟሙ። ፊኖልፍታሊን ጨምራችሁ በኤታኖል በተሠራ 0.1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቲትሬት አድርጉ። ሃይድሮክሳይዱ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ትክክለኛ ጥንካሬው በዚያው ቀን በፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት ይለካ፤ ፖሊመር የሌለበት የአሟሚ ናሙናም ተለክቶ ይቀነስ። ለ30 ሰከንድ የሚቆይ ሐምራዊ ጥላ መጨረሻው ነው።

የተጨመረው ሁሉ በሰንሰለቱ ውስጥ ከገባ አንድ ግራም ፖሊመር 1.01 ሚሊሞል አሲድ ይይዛል። በ0.500 ግራም ላይ ይህ 5.07 ሚሊሊትር አልካሊ ማለት ነው፤ በአሲድ ቁጥር ሲገለጽ ደግሞ 57 ሚሊግራም ያህል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ለአንድ ግራም ነው። ከዚህ በእጅጉ የበለጠ ቁጥር ሲገኝ ደስ ሊያሰኝ አይገባም። ያልተያያዘ ሜታክሪሊክ አሲድ በአንድ ግራም 11.6 ሚሊሞል ስለሚይዝ፣ በፖሊመሩ ውስጥ ከመቶ አንድ እንኳ ቢቀር ውጤቱን ከመቶ 10 በላይ ያዛባዋል። ሁለት ጊዜ ማዝቀጥ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ያነሰ ቁጥር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ አሟሚው ገና ስላልደረቀ ነው፤ አድርቃችሁ ድገሙት።

የኢንፍራሬድ መሣሪያ ካለ፣ በሞገድ ቁጥር (በአንድ ሴንቲሜትር) በ1730 አካባቢ የኤስተሩን፣ በ1700 አካባቢ ከእርሱ ጎን የአሲዱን፣ ከ2500 እስከ 3500 ድረስ ደግሞ የተዘረጋውን የአሲዱን ኦኤች ታያላችሁ። በ1635 አካባቢ የሚታይ ነገር ካለ ሞኖመር ቀርቷል።

መጠኑን መለወጥ

አሲዱን ከመቶ 20 ወይም 30 ሞል ማድረስ ለሚፈልግ ሰው ስሌቱ ያው ነው፤ ነገር ግን አሲዱ እየበዛ ሲሄድ ፖሊመሩ በኤቲል አሲቴት ውስጥ ሳይሟሟ መውጣት ይጀምራል። ወደ እኩል ለእኩል ሲጠጋ አሟሚው ኤታኖል ይሁን። የሁለቱ ሞኖመሮች የመያያዝ ፍጥነት በአሟሚው ስለሚለወጥ፣ አሟሚ የለወጠ ሰው የአሲዱን ድርሻ በቲትሬሽን እንደ አዲስ ይለካ እንጂ በቀድሞው ውጤት አይመካ። በዚህ መንገድ የተሠራው ፖሊመር በአልካሊ ፈሳሽ ውስጥ እንዴት እንደሚሟሟ ለማየት ያገለግላል፤ ሰው የሚውጠውን እንክብል ለመሸፈን ግን አይውልም።

ቅሪቱን ማስወገድ

ሄፕቴኑና ኤቲል አሲቴቱ በአንድነት በተዘጋ ዕቃ ይጠራቀሙ፤ ሲበዙ ተነጥረው እንደገና ለማዝቀጫነት ይውላሉ። በማንጠሪያው ግርጌ የሚቀረው ዝቃጭ ሞኖመርና የኤአይቢኤን ቅሪት ስላለበት ጨርሶ እስኪደርቅ አይነጠር፤ በተለየ ዕቃ ለሚቃጠል ቆሻሻ ይቀመጥ። በጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው የቀሃ ወንዝ ውኃ ነው፤ ከታች ያለው ሕዝብም በወንዞቹ ይገለገላል፤ ስለዚህ ከዚህ ሥራ የተረፈ አንድም ጠብታ ወደ ቧንቧ ማጠቢያ አይደፋ። የቀረው አሲድ ወደ ጠርሙሱ አይመለስ። ጠርሙሱ የተከፈተበት ቀን፣ ረግቶ የቀለጠበት ቀን ካለም እርሱ፣ በላዩ ተጽፎ ሌሊቱን ከ18 ዲግሪ በታች በማይወርደው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ።